የገባዎት ሥዕል እና ያልገባዎት ሥዕል

ጥያቄ፦ «ከእድሳቱ በኋላ የአፍሪካ አዳራሽን የመጎብኘት ዕድል አግኝቼ የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል አየሁ፤ ያለ አስረጂ ገባኝ። በሌላ ቀን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመውን ሙዚየም ጎበኘሁ፤ እዚያ ግን ብዙ ቆሜም ወርቁን ማግኘት አቃተኝ። እንዲህ ዓይነቱንማ ልጄም ይሥለዋል አልኩ፤ ነገሩም ከፈረንጅ የተቀዳ መሰለኝ። በሕንፃ ላይም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ፤ የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ የአርማታ ሕንፃዎች ለምን እንደ ቅርስ እንደሚታዩ አይገባኝም። ዘመናዊ ሥነ ጥበብንና ሥነ ሕንፃን ለመረዳት ከምን ልጀምር? የትኛውን መጽሐፍ ላንብብ?»

ምላሽ፦

ከአፍሪካ አዳራሹ መስታወት እንነሣ፤ ችግሩ የሚጀምረው ገባኝ ካሉት ሥራ ነውና። በ1961 (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በተመረቀው በዚህ ሕንፃ ውስጥ የሚገኘው የአፈወርቅ ሥራ በሦስት ክፍል የተዘረጋ፣ 150 ካሬ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ሲሆን፣ አፍሪካ ያለፈችበትን መከራ፣ ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን ይተርካል። እርስዎ የተረዱት ይህንን ትረካ ነው። ትረካው ግን በአንድ ገጽ ጽሑፍ ቢቀርብልዎትም ወይም በእርሳስ ቢነደፍልዎትም ይገባዎት ነበር። አፈወርቅ ለዚህ ቦታ ሸራ ሳይሆን መስታወት የመረጠበት ምክንያት፣ ቀለሙ ላዩ ላይ ከሚያርፍ ብርሃን ይልቅ ከጀርባው ሰንጥቆ በሚገባ ብርሃን ሕይወት የሚያገኝ መሆኑ፣ ጠዋትና ማምሻ ላይ የሚታየው ሥዕል አንድ አለመሆኑ፣ ቁርጥራጮቹን የሚያያይዘው ጥቁር መስመር የሰዎቹን አካል እንዴት እንደሚሰብረውና እንደሚያጠነክረው፣ በሥሩ የቆመው ሰው ምን ያህል አንሶ እንደሚታይ፤ እነዚህ ሁሉ የሥራው አካል ናቸው፤ በጥያቄዎ ውስጥ ግን አንዳቸውም አልተነሡም። እንግዲህ በአንዱ ቦታ ተረድተው በሌላው የተቸገሩ ሰው አይደሉም። በሁለቱም ቦታ የፈለጉት ታሪክ ነበር፤ በአንዱ አገኙት፣ በሌላው አጡት።

«ወርቁን ማግኘት አቃተኝ» ማለትዎም ከዚሁ የሚመነጭ ነው። ብዙ ሰው ረቂቅ ወይም አብስትራክት የሚባለውን ሥዕል ሠዓሊው ትርጉሙን ሆን ብሎ የሰወረበት፣ የተማረ ብቻ የሚፈታው ቅኔ አድርጎ ይወስደዋል፤ ስለዚህም ፊቱ ቆሞ ይቆፍራል፣ ምንም ሳያገኝ ሲቀር ወይ ራሱን እንደ አላዋቂ ይቆጥራል ወይ ሠዓሊውን እንደ አታላይ። ገብረ ክርስቶስ ግን ቀይ ቀለም በሸራ ላይ ሲያኖር ከቀዩ ሥር ሌላ ነገር ሸሽጎ አይደለም። ጉዳዩ ራሱ ቀዩ ነው፤ ስፋቱ፣ ከጎኑ ካለው ጨለማ ጋር የሚገፋፋበት ሁኔታ፣ ብሩሽ ጠርጎት ያለፈበትና ቀለም ተደራርቦ የደረቀበት ቦታ። በገና ሲደረደር ከቃሉ በፊት የሚሰማውን ድምፅ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አድማጭ የለም፤ ድምፁ ግን ሆዱን ያባባዋል፣ ልቡን ይሰበስበዋል፣ ቃሉ ሲመጣ ለመስማት ያዘጋጀዋል። ከረቂቅ ሥዕል ፊት የሚያስፈልገው ዝግጁነት ከዚህ የተለየ አይደለም፤ እርስዎም ይህ ችሎታ አለዎት።

«ከፈረንጅ የተቀዳ ነው» የሚለውን በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ አሳሳች ነው። ገብረ ክርስቶስ በ1932 ሐረር ተወልዶ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ ጀርመን ሄዶ ኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተምሯል፤ የዘይት ቀለሙን አያያዝ፣ የጀርመን ሠዓሊዎች በቀለምና በተዛባ ቅርጽ ስሜትን የሚገልጹበትን መንገድ ከዚያ አምጥቷል። ይህን መካድ አያስፈልግም። ነገር ግን ከጥያቄዎ በስተጀርባ ያለው ግምት፣ ማለትም የኢትዮጵያ ሥዕል ከጥንት ጀምሮ ነገሩን ዓይን እንደሚያየው አድርጎ የሚሥል ነበርና ረቂቁ ከውጭ መጥቶ አበላሸው የሚለው፣ ፈጽሞ የተሳሳተ ነው። ወደ አንድ የቆየ ቤተ ክርስቲያን ገብተው መቅደሱን ይመልከቱ። ዓይኖቹ ከተፈጥሮ መጠን በላይ የተለቁ ናቸው። ጥላ የለም። ከሰዎቹ ጀርባ ያለው ሰማይ ወይም ሜዳ ሳይሆን ንጹሕ የቀለም መደብ ነው። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ይመለከትዎታል፣ ክፉው ግን በአብዛኛው በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይሣላል። የብራና መጽሐፍ ሲገለጥ ከምዕራፉ ራስ ላይ የሚጠላለፈው ሐረግ ደግሞ የማንንም መልክ አይመስልም፤ መስመርና ቀለም ብቻ ነው። ይህን ሁሉ «አልገባኝም» ሳይሉ አድገዋል። የገብረ ክርስቶስ አባትም የብራና መጻሕፍትን የሚጽፉና በሥዕል የሚያስጌጡ አለቃ ነበሩ። ልጁ ሐረጉን በቀጥታ ወደ ሸራ ገለበጠው ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ዓይነት ቀላል ሐረገ ትውልድ መሳብ ራሱን የቻለ ስሕተት ነው። ከመልክ ያልተነሣ ቅርጽና ቀለም ለዚያ ቤት ልጅ እንግዳ ነገር ሊሆን እንደማይችል ግን ግልጽ ነው።

እንዲያውም በታሪኩ ቅደም ተከተል ካየነው፣ ለኢትዮጵያ ሥዕል አዲስ የነበረው ጥላና ብርሃን ያለው፣ ርቀትን የሚያሳይ፣ መልክን ቁርጥ አድርጎ የሚያወጣው አሣሣል ነው። ይህ አሣሣል ሥር የሰደደው እንደ አገኘሁ እንግዳ ያሉ በፓሪስ የተማሩ ሠዓሊዎች ካመጡት በኋላ ሲሆን፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምሮ ተመልሶ ያቋቋመው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ደግሞ በሥርዓት አስተማረው። ስለዚህ «የእኛ» ብለን የምንከላከለው ዓይነት ሥዕል ብዙውን ጊዜ ከረቂቁ በአንድ ትውልድ ብቻ የቀደመ እንግዳ ነው። የአውሮፓውያኑም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። ፎቶግራፍ በ1839 ለሕዝብ ከተገለጠ በኋላ መልክን መቅዳት የሠዓሊ ብቸኛ ሙያ መሆኑ ቀረ፤ ሠዓሊዎቹም ሥዕል ከመቅዳት ውጭ ምን ማድረግ እንደሚችል ሲፈልጉ ካገኟቸው መምህራን አንዱ የአፍሪካ ቅርጻ ቅርጽ ነው። ሠዓሊው ፒካሶ በ1907 ፓሪስ በሚገኝ ሙዚየም ያያቸው የአፍሪካ ጭምብሎች በሥራው ላይ ያሳደሩት ለውጥ የታወቀ ነው። በ1915 ደግሞ ሠዓሊው ካዚሚር ማሌቪች ጥቁር አራት ማዕዘን ብቻ የሣለበትን ሸራ ፔትሮግራድ ውስጥ ባሳየ ጊዜ የሰቀለው በክፍሉ የላይኛው ማዕዘን፣ ማለትም ሩሲያውያን ኦርቶዶክሶች በቤታቸው ቅዱሳት ሥዕላትን በሚያኖሩበት ቦታ ላይ ነበር። ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ይህ ከብዙ የንድፈ ሐሳብ ገጾች የበለጠ ይናገራል።

አሁን ወደ ሸራው ልቅረብ። ገብረ ክርስቶስ በ1963 የሣለውን ጎልጎታ እንውሰድ፤ ጉዳዩ ስቅለት ስለሆነ ታሪኩን ለማወቅ አይቸገሩም። በቤተ ክርስቲያን በለመድነው የስቅለት ሥዕል እመቤታችንና ዮሐንስ በግራና በቀኝ ይቆማሉ፣ ፀሐይና ጨረቃ ይጨልማሉ፣ ከመስቀሉ ሥር የአዳም ራስ ቅል ይታያል፤ እያንዳንዱ ነገር ቦታና ስም አለው። ገብረ ክርስቶስ ይህን ዝርዝር ትቶ ቀዩን ቀለም አስቀደመ። በለመድነው ሥዕል ደም ከቁስል የሚወርድ ምልክት ነው፤ እዚህ ግን ቀዩ ከአካሉ አልፎ ሥዕሉን ይይዘዋል፣ አካሉም በሥርዓት የተሣለ አካል መሆኑን ያጣል። ሠዓሊው የጠየቀው «ምን ሆነ?» የሚለውን ሳይሆን፣ ከዚያ ሥቃይ ጋር ያለ ምንም አስታራቂ ዝርዝር ፊት ለፊት መቆም ምን እንደሆነ ነው። ይህ መልስ አያሳምነኝም፣ የለመድኩት ስቅለት ይበልጥብኛል ማለት ይችላሉ፤ ተገቢ ፍርድ ነው፤ በዘመኑም ሥራውን ባዕድ ነው ብለው የተቃወሙ ነበሩ። ግን ያ ፍርድ ሥራው ያነሣውን ጥያቄ አይቶ የተሰጠ ይሆናል፤ «አልገባኝም» ከማለት እጅግ የራቀ ነው።

ልጅዎን በተመለከተ ሙከራው ቀላል ነው። ቀለምና ወረቀት ይዘው አንዱን ሥዕል ከፊት ለፊቱ ሆናችሁ አብራችሁ ለመገልበጥ ሞክሩ፤ ሙዚየሙ ቀለም ማስገባት ካልፈቀደ በባለ ቀለም እርሳስ ይሁን። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቀዩ አንድ ቀይ እንዳልሆነ፣ ከሥሩ ሌላ ቀለም ደርቆ እንደሚታይ፣ ባዶ የመሰለው ቦታ ሲቀንስ ሥዕሉ እንደሚታፈን፣ ሲሰፋ እንደሚፈርስ ታያላችሁ። ልጅ በነፃነት የሚያኖረው ቀለም ሊያምር ይችላል፤ የት ላይ ማቆም እንዳለበት የሚወስነው ግን ብዙውን ጊዜ ወረቀቱ ሲያልቅ ወይም እናቱ ለምሳ ስትጠራው ነው። ገብረ ክርስቶስ መልክ መሣል ስላቃተው ወደ ረቂቁ የሸሸ ሠዓሊ አይደለም፤ ሰዎችንና የዕለት ኑሮን የሚያሳዩ ሥራዎችም አሉት። በግጥምም ቢሆን የለመድነውን የቤት አመታት ልቅ ያደረገ ገጣሚ ነበር።

ሠዓሊውን እስክንድር ቦጎሲያንን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፤ የ«ተቀዳ» ክስ ጨርሶ የማይዘው እርሱን ነውና። በ1937 አዲስ አበባ ተወልዶ በለንደንና በፓሪስ የተማረው እስክንድር በፓሪስ ያገኘው የአውሮፓን ሥዕል ብቻ አልነበረም፤ ከአፍሪካና ከካሪቢያን የመጡ ጸሐፊዎችንና ሠዓሊዎችን፣ ጥቁርነትን እንደ ዕውቀት ምንጭ የሚያዩ ሰዎችን አገኘ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ የደብተራን የክታብ ጥቅልል፣ ዓይኖቹንና ጠለሰሙን (የመከላከያ ምልክቱን) በአዲስ ዓይን አየ፤ በብራናና በዛፍ ልጥ ላይም ሠራ። በ1966 ተመልሶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ አስተምሯል፤ በኋላም ለብዙ ዓመታት ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኖ የኢትዮጵያ ሠዓሊዎችን ትውልድ አፍርቷል። ዋሽንግተን ያሉ አንባቢዎች በኢትዮጵያ ኤምባሲ ከከበደች ተክለአብ ጋር የሠራውን ትልቅ የአሉሚኒየም የግድግዳ ሥራ ለጉዳይ ሲሄዱ ሳያስተውሉት አልፈውት ይሆናል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቁሙና እዩት።

ከሥዕል ወደ ሕንፃ ስንሻገር ከሁለት አንበሶች እንዲጀምሩ እመክራለሁ፤ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። በለገሀር ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ፈረንሳዊው ዦርዥ ጋርዴ የሠራው ነው፤ በ1930 ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ተተከለ፣ በፋሽስት ወረራ ጊዜ ወደ ሮም ተወስዶ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመለሰ። ጡንቻው ይቆጠራል፣ ጋማው ጠጉር ይመስላል፣ ዘውዱና የያዘው ዓርማ ከአካሉ ላይ የተጨመሩ ነገሮች ናቸው። ከዚያ በእግር ጥቂት ወደ ላይ ተጉዘው ብሔራዊ ቴአትር ሲደርሱ፣ ሞሪስ ካልካ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ለንጉሠ ነገሥቱ የ1955 የኢዮቤልዩ በዓል የሠራው የድንጋይ አንበሳ ይጠብቅዎታል። ይህኛው ጠጉር የለውም፤ ድንጋዩ በትላልቅ ገጾች ተቆርጦ፣ ጋማው ወደ ስለትና ማዕዘን ተለውጦ፣ አንበሳው ግማሽ እንስሳ ግማሽ ሕንፃ ሆኖ ቆሟል። የመጀመሪያው አንበሳን ይገልጻል፤ ሁለተኛው የአንበሳን ክብደትና ጸጥታ ወስዶ ቀሪውን ጥሎታል። ከዚህ ሐውልት ሥር ሰው የቀጠረ፣ ታክሲ የጠበቀ፣ ፎቶ የተነሣ ስንት ሕዝብ እንዳለ ያውቃሉ፤ «ይህ አንበሳ አልገባኝም» ያለ ሰው ግን ገጥሞኝ አያውቅም። በሁለቱ አንበሶች መካከል ያለው የሃያ አምስት ዓመት ልዩነት ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ምን እንዳደረገ በአንድ የከሰዓት ጉዞ ያሳይዎታል። ሁለቱንም የሠሩት ፈረንሳውያን መሆናቸውን ልብ ይበሉ፤ ልዩነታቸው የአገር አይደለም።

ከአንበሳው ሳይርቁ ዞር ብለው የንግድ ባንኩን ክብ ሕንፃ ይመልከቱ። የሠራው ፈረንሳዊው አርክቴክት አንሪ ሾሜት ነው፤ የብሔራዊ ቴአትሩን ሕንፃም ያጠናቀቀው እርሱ ነው። እዚህ ጋ ስለ አርማታ ጥቂት መናገር ግድ ይላል፤ ዘመናዊ ሕንፃን ያለ እርሱ መረዳት አይቻልም። ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር ተቦክተው ሲደርቁ ጫናን በሚገባ ይችላሉ፣ ሲጎተቱ ግን ይሰነጠቃሉ፤ ውስጡ የሚቀበረው ፌሮ (የብረት ዘንግ) ጉተታውን ይሸከማል። የሁለቱ ጋብቻ ያመጣው ለውጥ እንዲህ ነው፤ ቀድሞ ግድግዳ ጣሪያውን ተሸካሚ ስለነበር ወፍራም መሆን፣ መስኮቱም መጥበብ ነበረበት፤ አሁን ኮለን (ቋሚው ምሰሶ)፣ ቢም (አግዳሚው ተሸካሚ) እና ሶሌታ (የወለሉ ጠፍጣፋ አርማታ) ሸክሙን ከወሰዱ በኋላ ግድግዳው ነፃ ወጣ፣ ሊቀጥን፣ ሊታጠፍ፣ ጨርሶ ሊቀር ወይም ሙሉ በሙሉ መስታወት ሊሆን ቻለ። ስለዚህ በዘመናዊ ሕንፃ ፊት መጀመሪያ የሚጠየቀው «ያምራል ወይ?» አይደለም፤ «ክብደቱ በየት በኩል ወደ መሬት ይወርዳል?» ነው። በክቡ ባንክ ዙሪያ እየሄዱ ይህን ይጠይቁ፤ ሸካሚዎቹ ከዳር ናቸው ወይስ ከመሃል? ክብ መሆኑ በመንገዱ ማዕዘን ላይ ምን አደረገለት? ብርሃኑ ከየት ይገባል? ለእነዚህ መልስ ካገኙ ሕንፃው ገብቶዎታል፤ ውበቱን ከዚያ በኋላ ይፈርዱታል።

ሌላው ጥያቄ ሕንፃው ከተማውን እንዴት ያያል የሚለው ነው። አፍሪካ አዳራሽን የሠራው ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ በ1960ዎቹ ለአዲስ አበባ የሠራውን የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ከቸርችል ጎዳና ራስ፣ ከኮረብታው ላይ አኖረው፤ ከበሩ ቆመው ወደ ታች ሲያዩ ጎዳናው ቁልቁል ወደ ባቡር ጣቢያው ይወርዳል። ከለገሀር ሆነው ወደ ላይ ሲያዩት ደግሞ የሰዓቱ ግንብ አቅጣጫ ያሲዝዎታል። የመሬቱን ተዳፋት ጨምሮ የተነደፈ ሥራ ነው። በፎቶ ላይ ሕንፃውን ብቻ ነጥሎ ያየ ሰው ግማሹን አላየም። የዚያ ዘመን ሥራ ሁሉ የውጭ ሰው ብቻ የሠራው ነው የሚለውም ልክ አይደለም፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ሕንፃ የነደፉት ኢትዮጵያዊው ሚካኤል ቴድሮስና እስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭ በጋራ ናቸው።

የቅርስነቱ ጉዳይ እንግዲህ ከዕድሜ ጋር ብቻ አይያያዝም። ግንቦት 25 ቀን 1963 የ32 ነፃ አገሮች መሪዎችና ተወካዮች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር የፈረሙት በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ይህ ብቻውን ሕንፃውን ቅርስ ያደርገዋል። ነገር ግን ታሪክ የተፈጸመበት ቤት ሁሉ ጥሩ ሥነ ሕንፃ አይደለም። አፍሪካ አዳራሽ የሚለየው አርክቴክቱ፣ ሠዓሊው፣ የእንጨትና የወለል ባለሙያው አንድ ሐሳብ ይዘው የሠሩት መሆኑ ነው፤ በ2024 የተጠናቀቀው፣ ወደ 57 ሚሊዮን ዶላር የተመደበለት እድሳትም ግድግዳውን ቀብቶ ከመተው ይልቅ መስታወቱንና የውስጥ ዕቃውን ጭምር የጠገነው ለዚህ ነው። በአንጻሩ የ1960ዎቹ አርማታ ሁሉ ይጠበቅ ማለት አልችልም። ውሃ ገብቶ ፌሮው የዛገ፣ ዝገቱም አርማታውን ከውስጥ እየገፋ የሰነጠቀው ሕንፃ አደገኛ ነው፤ አዲስ አበባ ለስምጥ ሸለቆ ቅርብ መሆኗንም መርሳት አይገባም። ይጠበቅ ወይስ ይፍረስ ከማለት በፊት የመዋቅር መሐንዲስ ምርመራ ይቅደም። ስንጥቁን በአሉሚኒየም ፓነል ሸፍኖ «ታደሰ» ማለት ግን ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው፤ የሕንፃውን መልክ ያጠፋል፣ ሕመሙንም ይደብቃል።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር በአጽንኦት ልበል። መስታወት የለበሰ ሕንፃ ሁሉ ዘመናዊ ነው የሚል እምነት በከተሞቻችን ተስፋፍቷል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ያለች ደጋ ከተማ ናት፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከአናት በላይ ስለሆነች በትንሽ ጥላ ትመለሳለች፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ግን ከምሥራቅና ከምዕራብ ዝቅ ብላ በቀጥታ ትገባለች። ወደ ምዕራብ የዞረ የመስታወት ግድግዳ ውስጥ የሚሠራ ጸሐፊ ከሰዓት በኋላ መጋረጃ ዘግቶ መብራት ያበራል፤ መስታወቱ የተተከለበት ምክንያት በዚያው ሰዓት ይሻራል። ዘመናዊነት የሚለካው በልባሱ ሳይሆን ለቦታው፣ ለአየሩና ለሚገለገልበት ሰው በሰጠው መልስ ነው። በመካኒሳ በ2019 የተከፈተው የዞማ ሙዚየም ግድግዳዎቹ በጭቃና በጭድ የተሠሩ ናቸው፤ እኔ ግን ከብዙዎቹ የመስታወት ፎቆች ይልቅ የዛሬ ሥነ ሕንፃ የምለው እርሱን ነው፤ የገጠሩን ግንበኛ ዕውቀት ወስዶ ከተማ ውስጥ፣ ለአዲስ አገልግሎት፣ በጥንቃቄ ስላሰላው።

ዞማን ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተው ኤልያስ ስሜ ለዛሬው ዘመን ሥነ ጥበብም ጥሩ መግቢያ ነው። የኤልያስ ሥራዎች ከሩቅ ሲታዩ ከአውሮፕላን የሚታይ የእርሻ ማሳ ወይም የተሸመነ ጨርቅ ይመስላሉ፤ ሲጠጉ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የተሰበሰቡ የተፈታቱ የኮምፒዩተር ሰሌዳዎች፣ የኪቦርድ ቁልፎችና የተጎነጎኑ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ሆነው ይገኛሉ። በገብረ ክርስቶስ ጊዜ ዋናው ጥያቄ ሸራው ላይ የሚሆነው ነበር፤ እዚህ ግን ዕቃው ከየት መጣ፣ ማን ተጠቀመበት፣ ማን ጣለው፣ ስንት እጅ ሰፋው የሚለው ራሱ የሥራው ክፍል ነው። በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ አሜሪካ የሄደችው ጁሊ ምሕረቱ ደግሞ የሕንፃ ንድፎችን እርስ በርስ አደራርባ፣ በላያቸው ላይ በቀለምና በፈጣን መስመር ትሠራለች፤ በ2012 በሠራችው አራት ክፍል ሥራ የካይሮው ታህሪር አደባባይና የእኛው መስቀል አደባባይ ንድፎች ከሌሎች አደባባዮች ጋር ተነባብረዋል። ከፊቱ የቆመ ሰው አንዱን አደባባይ ለይቶ ሊያወጣ ይታገላል፤ ያ ትግል የታሰበ ነው። ሕዝብ በአደባባይ ሲሰበሰብ፣ ሲሸሽ፣ ሲመለስ የቆየበት ታሪክ በአንድ ንጹሕ ንድፍ እንደማይያዝ በዚያ ይሰማዋል።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ። ረቂቅ መሆን ብቻውን ሥዕልን ጥሩ አያደርገውም፤ ከማሳያ ቤቶች የሚሸጡ ብዙ ረቂቅ ሥዕሎች የታወቁ ሠዓሊዎችን አጨራረስ እየደጋገሙ የሚሠሩ ናቸው፣ ከፊታቸው ቆመው ምንም ካልተሰማዎ ጥፋቱ የእርስዎ ላይሆን ይችላል። ዋጋም መለኪያ አይደለም፤ ለግዢ ካሰቡ ደግሞ የታዋቂ ሠዓሊ ፊርማ ብቻ አይተው ገንዘብ አይክፈሉ፣ ሥራው ከማን እጅ ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቁ። ከግድግዳው አጠገብ የሚለጠፈው ረጅም ማብራሪያም አንዳንዴ ሥራው ያላደረገውን ያወራል፤ ጽሑፉ የሚለው ነገር በሥራው ላይ ካልታየዎት ዓይንዎን ይመኑ። በስልክ ስክሪን ላይ የታየ ሥዕል ደግሞ መጠኑን፣ የቀለሙን ውፍረትና የገጹን ሻካራነት ያጣል፤ በእርሱ ተመርኩዞ መፍረድ አይቻልም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ መጽሐፉን ያቆዩትና መጀመሪያ አንድ ሥዕልና አንድ ሕንፃ ይምረጡ፣ ሁለት ብቻ። ሕንፃው ሥራዎ ወይም ጉዳይዎ የሚያደርስዎት ቢሆን ይመረጣል፤ በጠዋትም በማምሻም፣ በዝናብም በፀሐይም ይዩት፣ በዙሪያው ይሂዱ፣ ይግቡ፣ ደረጃውን ይውጡ፣ ክብደቱ ወዴት እንደሚወርድና ብርሃኑ ከየት እንደሚገባ ለራስዎ በቃል ይግለጹ። ሥዕሉን ግን ከገብረ ክርስቶስ ሙዚየም ይምረጡት፤ በአዳራሹ ያለውን ሁሉ ለማየት አይሞክሩ፣ የሚስብዎን ወይም የሚያናድድዎን አንዱን ብቻ ይያዙ። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ቀጥሎ ቀለሙ የደረቀበት እስኪታይ ቀርበው፣ ከዚያም ተመልሰው ይዩት። ያዩትን በወረቀት ይጻፉ፤ «ይመስላል» የሚለውን ቃል ሳይጠቀሙ የትኛው ቀለም የት እንዳለ፣ ዓይንዎ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሄደ ብቻ። በሌላ ሳምንት ተመልሰው ያንኑ ሥዕል ይዩ፣ የጻፉትንም ያርሙ። ርዕሱንና ዓመቱን ከዚህ በኋላ ያንብቡ፤ የሠዓሊውን ሕይወትና የዘመኑን ታሪክ የሚያብራሩ መጻሕፍትም የሚጠቅሙት የራስዎን ጥያቄ ይዘው ሲከፍቷቸው ነው። ከመሄድዎ በፊት ሙዚየሙ የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓት በስልክ ይጠይቁ፤ የመረጡት ሥዕል በዚያን ጊዜ ግድግዳ ላይ መኖሩንም ያረጋግጡ፤ ሙዚየሞች በየጊዜው የሚያሳዩትን ስለሚለዋውጡ።